የተተወ ሐዲድ የማን ነው?

ጌታው ትቶት የሄደ ነገር ጌታ የለውምን? ይህን ጥያቄ በጉባኤ ቤት ሳለሁ ብዙ ጊዜ ሰምቼዋለሁ። ያን ጊዜ ግን ምሳሌው የባዘነ በሬ ወይም በመንገድ የወደቀ ቀለበት ስለ ነበረ መልሱ ቀላል ይመስለኝ ነበር። ባለፈው በጋ ጥያቄው ብረት ሆኖ በግራር ዛፍ ላይ ተሰቅሎ አገኘሁት፤ መልሱም እንደ ቀድሞው ቀላል አልሆነልኝም። ስለዚህ ነገሩን ከነሁኔታው ጽፌ ለአንባቢ ላቀርብ ወደድሁ።

የእኅቴ ልጅ ከሞጆ በስተ ምሥራቅ፥ አሮጌው የምድር ባቡር ያልፍበት በነበረው አገር፥ በአንዲት ትንሽ ከተማ መምህር ሆኖ ይኖራል። ልጠይቀው ሄጄ በቤቱ ባደርሁ በማግሥቱ፥ «አጎቴ፥ ትምህርት ቤታችንን ላሳይዎ፤ በሐዲዱ ብንሄድ ይቀርበናል» ብሎ ይዞኝ ወጣ። በሐዲዱ ማለቱ በልማድ ነው እንጂ ባቡር በዚያ ማለፉን ከተወ ከዐሥር ዓመት በላይ ሆኖታል። አሁን የሚያልፍበት ሰው ነው። ውሃ የሚቀዱ ሴቶች፥ እንጨት የተጫኑ አህዮች፥ ደብተር በብብታቸው የያዙ ተማሪዎች፥ ፍየል የሚነዱ ልጆች፥ ሁሉም ከጧት ጀምሮ በዚያ ይመላለሳሉ። ከአውራ ጎዳናው መኪና ሸሽተው የመጡ ናቸው፤ በዚህኛው መንገድ ጥሩምባ የሚነፋባቸው የለም።

መንገዱ ለእግር እንዲህ የተመቸበትን ምክንያት ባሰብሁ ጊዜ አንድ ነገር አስደነቀኝ። ባቡር ብርቱ ነው ይባላል እንጂ አቀበት ላይ ደካማ ነው፤ ብረት በብረት ላይ ይንሸራተታልና በቅሎ በአንድ ትንፋሽ የምትወጣውን ዳገት ባቡር አይወጣውም። ስለዚህ የሠሩት ሰዎች ጉብታውን ቈርጠው፥ ጐድጓዳውን በዐፈርና በድንጋይ ሞልተው፥ ፈፋውን በድልድይ አሻግረው፥ ዳገቱ ለዐይን እስከማይታወቅ ድረስ መንገዱን አለዘቡት። ዛሬ ያ ልዝብነት ለነፍሰ ጡሯ ሴትና ምርኵዝ ለያዘው ሽማግሌ ሆነ። ለባቡር ድካም የተደረገው ርኅራኄ ዞሮ ለሰው ደረሰ ማለት ነው።

ሐዲዱ ገና ባለበት ቦታ ግን መራመድ ያስቸግራል። ሐዲዱን የሚሸከሙትን አግዳሚ ብረቶች አንድ በአንድ ቢረግጧቸው ርምጃው ያጥራል፤ አንዱን ዘለው ሁለተኛውን ቢረግጡ ደግሞ ይረዝማል። እኔም ቀሚሴን ሰብስቤ አንድ ጊዜ እያነሥሁ አንድ ጊዜ እየዘለልሁ ስሄድ የእኅቴ ልጅ ሳቁን በጋቢው ሸፈነ። ኋላ ሐዲዱ ከተነሣበት ስፍራ ደረስን፤ ጠጠሩ ብቻ ቀርቷል፥ እግሬም ደስ አለው። ደስ ካለኝ በኋላ፥ «ሐዲዱን ማን አነሣው?» ብዬ ጠየቅሁ።

«በሌሊት ነው» አለኝ።

ይህ መንገድ በቀላሉ የመጣ አለመሆኑን ብዙ ሰው ያውቃል። ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ለስዊሱ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ የምድር ባቡሩን ፈቃድ የሰጡት በ1886 ዓ.ም. ነው። ሥራው ከጅቡቲ ጀምሮ ከጥቂት ዓመት በኋላ ተነሣ፤ ባቡሩም በ1895 ዓ.ም. ከሐረር ተራራ ሥር ደረሰ። ወደ ሐረር መውጣት ስላልተቻለ ከታች ከሜዳው አዲስ ከተማ ተቈረቈረ፤ ድሬ ዳዋ የዚያ የባቡር ድካም ልጅ ናት። ከዚያ በኋላ ኩባንያው ገንዘብ አልቆበት ወደቀ፤ ሌላ የፈረንሳይ ኩባንያ ተረከበው፤ ባቡሩ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው። ከጅቡቲ እስከ አዲስ አበባ 780 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል፤ ከዚህም ውስጥ 680 ያህሉ በኢትዮጵያ ምድር ነው። በኋላ ዘመን የኢትዮጵያና የጅቡቲ መንግሥታት የጋራ ንብረት ሆነ። በመስከረም 2009 ዓ.ም. ደግሞ በኤሌክትሪክ የሚሄደው አዲሱ ባቡር በሌላ መስመር፥ በሌላ ስፋት፥ በሌላ ጣቢያ ተመርቆ አሮጌው ዳር ቀረ። እንግዲህ ንጉሠ ነገሥት የፈቀደው፥ ባዕድ ባለገንዘብ ያሠራው፥ የአገር ሰው ድንጋይ የተሸከመበት፥ ሁለት መንግሥታት የወረሱት ነገር ነው። የማን ነው ተብሎ ቢጠየቅ መልስ የሚጠፋው ጌታ ስላልነበረው ሳይሆን ጌታ ስለ በዛበት ነው።

ከትምህርት ቤቱ ግቢ በገባን ጊዜ ደወል ተመታ። ድምፁ የጠራ ነበረ፤ ቀና ብዬ ባይ አንድ ክንድ ከስንዝር የሚሆን የሐዲድ ቁራጭ በሽቦ ከግራር ቅርንጫፍ ተንጠልጥሏል። አንድ ትንሽ ልጅ በድንጋይ ይመታዋል። ድምፁን ወደድሁትና አመሰገንሁ። የእኅቴ ልጅ ግን አንገቱን ደፍቶ፥ «አጎቴ፥ በሐዲዱ ያመጣሁዎ ስለዚህ ነው» አለኝ። ለጉብኝት የጠራኝ መስሎኝ ነበር፤ ለካ ለዳኝነት ኖሯል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት የሌሊት ሰዎች ሐዲዱን እየቈረጡ ለቁራጭ ብረት ነጋዴዎች በሚሸጡበት ጊዜ፥ የአንድ ተማሪ አባት ይህን ቁራጭ በትከሻው ተሸክሞ መጣ። «ቈርጠው ጥለውት የሄዱት ነው፤ ከሚዝግ ለልጆቹ ይሁን» አለ። ትምህርት ቤቱ ቀድሞ ይመታው የነበረው የመኪና ቸርኬ ተሰንጥቆ ነበርና በደስታ ተቀበሉት። አምና ግን በሐዲድ ጥገና ሥራ የኖሩ አንድ ጡረተኛ ሽማግሌ፥ የልጅ ልጃቸውን ሊያስመዘግቡ መጥተው ደወሉን ባዩ ጊዜ፥ «ይህን አውርዱ፤ ልጄን በተሰረቀ ብረት አትጥሩብኝ» አሉ። መምህራኑም ተከፈሉ። አንዱ፥ «ተጥሎ የተገኘ ነው፥ ሌባው ሌላ ነው» ይላል። ሌላው፥ «ቢመለስ ማን ይረከበዋል? ነገ ተመልሶ ከነጋዴው ሚዛን ላይ ይገኛል» ይላል። ሦስተኛው ዝም ይላል፤ እንደ ተለመደው ከሦስቱ ብዙ ወዳጅ ያለው ይህ ዝም ያለው ነው።

ከመፍረዴ በፊት ሽማግሌውን ለማየት ፈለግሁ፤ በደጃቸው ፀሓይ ሲሞቁ አገኘናቸው። ሰላምታ ከተለዋወጥን በኋላ፥ «አባቴ፥ ባቡሩ ቀርቷል፤ ለሌላ ባቡር ሌላ መንገድ ተሠርቷል። ይህ ብረት ለማን ይጠበቃል?» አልኋቸው።

«መሪጌታ፥ ባቡሩ ይምጣ አይምጣ የእኔ ነገር አይደለም» አሉ። «እኔ በዚህ መንገድ ሠላሳ ዓመት ብሎን ሳጠብቅ ኖሬአለሁ። ሲቀጥሩኝ፥ ‹ባቡር የቀረ ቀን ብረቱ ያንተ ነው› ያለኝ ሰው የለም። ለእኔ ያልተባለ ለነዚያ ተባለላቸውን?»

ብሎን የሚለውን ቃል በሰማሁ ጊዜ የምመልሰው ጠፋኝ። አንባቢ ምክንያቱን ሳይሰማ ሊያልፍ አይገባውም። በቤቴ በመጻፊያ ጠረጴዛዬ ላይ አንድ የሐዲድ ብሎን አለ። ከስድስት ዓመት በፊት በአቃቂ በኩል በእግሬ ሳልፍ ከጠጠሩ ላይ አንሥቼው ነው፤ ወረቀቴ በነፋስ እንዳይበተን እጭነዋለሁ። እንግዳ በመጣ ቍጥር፥ «ይህ እኮ የምኒልክ ባቡር ብሎን ነው» እያልሁ ታሪክ አወራበታለሁ። አንድ ቀን እንኳ ይህን ነገር ስርቆት ብዬ አስቤው አላውቅም። እንግዲህ ዳኛ ሆኜ የተጠራሁት ሰው ከተከሳሾቹ አንዱ ሆኜ ተገኘሁ።

ሌሊቱን ስመረምር አደርሁ። የኦሪት ሕግ የባዘነውን በሬ ያገኘ ሰው ወደ ቤቱ ወስዶ፥ ጌታው እስኪፈልገው ጠብቆ እንዲመልስ ያዝዛል። ማግኘት ጌታ አያደርግም፥ ጠባቂ ያደርጋል ማለት ነው። ያው ሕግ ደግሞ አጫጅ በእርሻው የረሳውን ነዶ ተመልሶ እንዳይወስድ፥ ለድኻ አደግና ለመበለት እንዲተወው ያዝዛል። እዚህ ላይ መተው ስጦታ ሆነ። ሐዲዱ ከሁለቱ ማንን ይመስላል? ነዶውን ይመስላል እንዳልል፥ ነዶው ለማን እንደሚቀር አስቀድሞ ተነግሮለታል፤ ገበሬውም ሕጉን እያወቀ ይዘራል። የሐዲዱ ጌታ ግን መጠቀሙን ተወ እንጂ፥ «ለእገሌ ይሁን» ብሎ አልተናገረም። ዝምታ ስጦታ ሊሆን አይችልም። ጐረቤቴ ደጁን ሳይዘጋ ቢያድር ዕቃውን ሰጠኝ አልልም።

እዚህ ላይ፥ «የመንግሥት ከሆነ የሕዝብ ነው፤ የሕዝብ ከሆነ የእኔም ነው፤ የእኔን ብወስድ ምን አለበት?» የሚል ይነሣል። ይህን ክርክር በቀልድ ሳይሆን ከልባቸው የሚናገሩ ሰዎች ሰምቻለሁ፤ ስለዚህ በቍጥር ልመልስላቸው። በኢትዮጵያ ምድር ያለው መንገድ 680 ኪሎ ሜትር ያህል ነው ብለናል። ሐዲዱ ሁለት ስለሆነ ብረቱ 1,360 ኪሎ ሜትር ይሆናል። የአገሩ ሰው ከ100 ሚሊዮን በላይ ነው። ለ100 ሚሊዮን ብቻ እንኳ ብናካፍለው ለእያንዳንዱ ሰው የሚደርሰው አንድ ሴንቲ ሜትር ተኩል እንኳ አይሞላም፤ የአውራ ጣት ውፍረት ያህል ነው ማለት ነው። ክንድ ከስንዝር የወሰደ ሰው የብዙ ዐሥር ሰዎችን ድርሻ ወስዷል። የራሱን የጣት ውፍረት ብቻ ወሰደ ብንል ደግሞ፥ በጣት ውፍረት ሐዲድ ላይ ምን ይሄድበታል? አንዳንድ ሀብት እንዲህ ነው፤ ሳይከፈል ብዙ ነው፥ በተከፈለ ጊዜ ምንም ይሆናል። ይህን ስጽፍ ግን ብሎኑ ከድርሻዬ ይበልጥ ወይም ያንስ እንደ ሆነ ለማወቅ ሚዛን ፈልጌ እንደ ነበረ አልሸሽግም። በቅኔ ቤት የኖረ ሰው ለራሱ ሲሆን ማምለጫ አያጣም።

የሌሊቱን ሰዎች በአንድ ሰንሰለት አልጠፍራቸውም። ጭነት መኪና አቁሞ በመቶ ሜትር የሚያስቈርጠው ነጋዴና፥ በክረምት ለልጆቿ ጤፍ ልትገዛ አንድ ክንድ ብረት የሸጠችው ሴት በአንድ ቃል አይዳኙም። ስለ ዝገቱም የሚናገሩት ከንቱ አይደለም፤ ሊጠቅም የሚችለውን ብረት ዝናብ እንዲበላው መተው ራሱ በደል ነው፥ በደሉም የጌታው ነው። ነገር ግን አንድ ምስክር አለብን። ጌታ የለውም ብሎ በእውነት ያመነ ሰው ሐዲዱን በቀትር፥ በሬ ጠምዶ፥ ጐረቤቱን ለዕርዳታ ጠርቶ ይጐትተዋል። በሌሊት የመጣ ሰው ጌታ እንዳለው እርሱ ራሱ መስክሯል።

እንግዲህ በሐዲዱ ላይ በየቀኑ የሚሄዱትስ? እነርሱም የሌላውን ንብረት ያለ ፈቃድ ይጠቀማሉ፤ ከሌባው በምን ይለያሉ? ይህን ለመመለስ የሐዲድን ስም መመርመር ጠቀመኝ። ሐዲድ በዐረብኛ ብረት ማለት ነው፤ ቃሉን ከዐረቦች ተውሰን ባቡር ለሚሄድበት ብረት ስም አደረግነው፥ አልመለስነውምም። ለገሃርንም ከፈረንሳይኛ ወስደን ጣቢያ የሚለውን ቃል የሰፈር ስም አደረግነው። በዚህ ግን ዐረቡ ብረቱን የሚጠራበት ቃል አልጐደለበትም፤ ፈረንሳዩም ጣቢያውን በቀድሞ ስሙ ይጠራል። የእግር አወሳሰድ እንዲህ ነው። ውሃ የቀዳችው ሴት መቶ ጊዜ ብትመላለስ ለመቶ አንደኛው የሚጐድል መንገድ የለም፤ እንዲያውም እግር የሚረግጠው መንገድ ቍጥቋጦ አይበቅልበትም፥ ጐርፍም ሲሰብረው ይታያል፥ ሰውም ድንጋይ ያቀብለዋል። እጅ የሚወስደው ግን ለሌላው አይተርፍም።

በአሜሪካ ይህ ነገር እስከ ሕግ ድረስ ተደርሶበታል። በዚያ አገር ብዙ የባቡር መንገድ ስለ ተተወ፥ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1983 ባቡር የቀረበት መስመር ለእግረኛና ለብስክሌት መንገድ ሆኖ እንዲጠበቅ፥ የባቡሩም መብት ሳይሞት እንዲቈይ የሚያደርግ ሕግ ወጣ። ሐሳቡ አንድ ቀን ባቡር ቢመለስ መንገዱን እንዲያገኘው ነው። ሕጉ እግረኛውን የባቡር ጠባቂ አደረገው። በሌላ ወገን፥ በ2014 የዚያው አገር ጠቅላይ ፍርድ ቤት ከዋዮሚንግ ግዛት የመጣ አንድ ክርክር ሰማ። በ1875 በወጣው ሕግ ለባቡር ማለፊያ የተሰጠ መሬት ባቡሩ ሲቀር የማን ይሆናል የሚል ነበረ። ከዳኞቹ ስምንቱ በአንድ ወገን፥ አንዱ በሌላ ወገን ሆነው፥ ለባቡሩ የተሰጠው ማለፊያ ብቻ ስለ ሆነ ማለፉ ሲቀር መብቱም ይቀራል፥ መሬቱም ለባለ መሬቱ ነጻ ይሆናል ብለው ፈረዱ።

ይህ ሁለተኛው ፍርድ አሳሰበኝ፤ ምክንያቱም በእኛም ምድር ከባቡሩ በፊት መንገዱ ባዶ አልነበረም። ሐዲዱ በቆላው ሲዘረጋ የኢሳና የአፋር ሰዎች ከብታቸው ውሃ የሚጠጣበት፥ ግመላቸው የሚያልፍበት አገር ነበረ፤ የተቃወሙትም ስለዚህ ነው። ፈቃዱን የጠየቃቸው የለም። ዛሬ በዚያ በኩል በደረቀው የባቡር ድልድል ላይ ግመል የሚነዳ ሰው ቢኖር፥ «የሌላውን መንገድ ትረግጣለህ» ብሎ ሊወቅሰው የሚደፍር ማን ነው? ምናልባት ከሁላችን ይልቅ የቀደመው መብት የእርሱ ነው። በዚህ ምክንያት በእግር የሚጠቀሙትን ሁሉ ነጻ አወጣኋቸው። የኢሳና የአፋር መብት ግን የማለፍና የውሃ መብት ነው፤ ብረት ቈርጦ የመሸጥ መብት ከዚያ አይወለድም።

በእጅ የተወሰደውስ ለዘላለም ጠፍቶ ይቀራልን? እንዲህ እንዳልል የኤርትራ ነገር ትዝ አለኝ። ከምጽዋ ወደ አስመራ የሚወጣው ባቡር፥ ከባሕር ዳር ተነሥቶ ያን ሁሉ ተራራ በዋሻና በድልድይ የሚወጣው፥ በጦርነቱ ዘመን ሐዲዱ ተነቅሎ ለምሽግ ሆኖ ነበር። ጦርነቱ ካለፈ በኋላ ግን፥ በአውሮፓ አቆጣጠር ከ1994 ጀምሮ፥ በጡረታ የነበሩ አሮጌ የባቡር ሠራተኞች ተጠርተው፥ ብረቱ ከየምሽጉ እየተለቀመ መንገዱ እስከ አስመራ ድረስ እንደ ገና ተሠራ። ያ ብረት ሊመለስ የቻለው የት እንዳለ ስለ ታወቀ ነው። ቀልጦ ማሰሻ ብረትና ሚስማር ሆኖ ቢሆን ማንም ባልመለሰው ነበር።

ፍርዴ የተመሠረተው በዚህ ነጥብ ላይ ነው። በማግሥቱ መምህራኑን ሰብስቤ፥ ሽማግሌውም እንዲመጡ ለምኜ፥ እንዲህ አልኋቸው። ደወሉ ቢወርድ ወደ ጌታው አይደርስም፤ ማንም በማያየው ቦታ ይቀመጣል፥ ከዚያም ይጠፋል። እንዳለ ቢቀጥል ደግሞ ልጆቹ በየጧቱ፥ «የተተወ ሁሉ የወሳጁ ነው» የሚል ትምህርት ከትምህርት በፊት ይሰማሉ። ስለዚህ ለሚመለከተው መሥሪያ ቤት ደብዳቤ ይጻፍ፤ ይህ ብረት በእኛ ዘንድ በአደራ አለ፥ በጠየቃችሁን ቀን እናስረክባለን፥ እስከዚያ ለልጆች መጥሪያ እንጠቀምበታለን፥ አይሆንም ካላችሁ አሳውቁን ይባል። የደብዳቤውም ግልባጭ ከግራሩ አጠገብ ሁሉ እንዲያየው ይለጠፍ። በሌሊት የተወሰደው በቀን ይነገር።

ከመምህራኑ አንዱ፥ «ባንጽፍ ማንም አይጠይቀንም ነበር፤ ጽፈን ደወሉን ብናጣስ?» አለ። እውነቱን ነው፥ ሊሆን ይችላል። ደወሉን ሊያጣ ያልፈቀደ ሰው አደራ ይዣለሁ ሊል አይችልም አልሁት። አልተደሰተም፤ እኔም ቸርኬውን ከየት እንደሚያመጡት አላውቅም ነበር።

ሽማግሌው ግን ሲሰሙ ቈይተው፥ «ደብዳቤው በደንብ ይጻፍ» አሉ። ርዝመቱ በሜትር እንዲለካ፥ ከየትኛው ቦታ እንደ ተነሣ እንዲነገር፥ ሐዲዱ ላይ ያለው የፋብሪካ ጽሕፈት እንዲገለበጥ አዘዙ። ሠላሳ ዓመት ለአለቆቻቸው እንዲህ ሲያስታውቁ ኖረዋልና፥ የሚጽፈው የእኅቴ ልጅ ሁለት ጊዜ አርሞ ሦስተኛውን ፈረሙለት። እኔ ደግሞ የጠረጴዛዬን ነገር በሁሉ ፊት ተናገርሁ። ሽማግሌው አልሳቁም። «እስኪያመጡት ድረስ ደብዳቤው አይላክ» አሉ።

በወሩ ብሎኑን ይዤ ተመለስሁ። ሽማግሌው በመዳፋቸው አገላብጠው አዩት፤ ጥርሱን በጥፍራቸው ዳሰሱ። «ይህ የተፈታ አይደለም፤ ላልቶ የወደቀ ነው። ያጠበቀው ሰው ቸኵሎ ነበር» አሉ። የማጽናኛ ቃል መስሎኝ ልመልስ ስል፥ ወደ እኅቴ ልጅ ዞረው፥ «ጻፍ፤ አንድ ብሎን» አሉት።

ደብዳቤው ተልኳል። ይህን እስከምጽፍበት ቀን ድረስ መልስ አልደረሰም። የልጅ ልጃቸው በትምህርት ቤቱ ተመዝግቧል። ድንጋዩ ሐዲዱን እየላጠ ስላስቸገረ፥ በሽማግሌው ፈቃድ በየጧቱ ሁለት ሰዓት ላይ ደወሉ የሚመታው በዚያ ብሎን ነው።